«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት እንደምትረዱትና እንደምትጠቀሙበት

እንግሊዝኛ በማስተምርባቸው ዓመታት እንደ «ጌት» ደጋግሞ የተጠየቅኩት ቃል የለም። አንዱ ተማሪ መዝገበ ቃላት ይከፍታል፤ «ማግኘት» የሚል ትርጉም ያያል፤ እሱን ይይዛል። በማግስቱ አንድ ሰው «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» ሲል ይሰማና «ጨለማ እያገኘ ነው? ማን ነው የሚያገኘው?» ብሎ ይመጣል። ሌላዋ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ ፀጉርንና መቁረጥን ከማግኘት ጋር ማገናኘት አቅቷታል።

የሁለቱም ችግር አንድ ነው። «ጌት» ብቻውን ሲቆም ይህ ነው የሚባል ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚሰጠው ቀጥሎት የሚመጣው ቃል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የትርጉም ዝርዝር አያስሸመድዷችሁም። ቀጥሎ ያለውን ቃል አይታችሁ ትርጉሙን ራሳችሁ እንድታወጡ ያለማምዷችኋል። አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁ እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት ይሆናችኋል፤ እንዴት እንደሆነ 6ኛውና 7ኛው ደረጃ ላይ ታያላችሁ።

የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በፊደላችን የጻፍኩት እያነበባችሁ ጮክ ብላችሁ እንድትሉት ነው። ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጡት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፤ አለዚያ አጻጻፉ ያመልጣችኋል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• አንድ ደብተር። ለዚህ ቃል ብቻ ቢሆን ይመረጣል።
• ሁለት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች፤ አንዱ «ጌት»ን፣ ሌላው ቀጥሎ ያለውን ቃል ለማስመር።
• ለተማሪዎች የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። በአማርኛ የሚፈታው አንድ ወይም ሁለት ትርጉም ብቻ ስለሚሰጥ ለዚህ ቃል አይበቃም።
• ተራ ንግግር ያለበት የድምፅ ቅጂ፣ የአምስት ደቂቃ ያህል። ዜና አይሁን፤ ዜና አንባቢዎች «ጌት»ን እምብዛም አይጠቀሙም።
• በቀን 20 ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል።

ደረጃ 1፦ ቅርጹንና ድምፁን አስተካክሉ

የአሁኑ ጊዜ «ጌት» ነው፤ ከእሱና ከእሷ ጋር «ጌትስ» ይሆናል። ኃላፊው «ጎት» ነው። ሦስተኛው ቅርጽ፣ በትምህርት ቤት ፓስት ፓርቲሲፕል የተባልነው፣ በእንግሊዝ «ጎት»፣ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ «ጎትን» ነው። «ጌቲንግ» ሲጻፍ የመካከሉ ተናባቢ ፊደል ይደገማል፤ አንድ ብቻ መጻፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

አናባቢው አጭር ነው። በር ማለት የሆነው ሌላው «ጌት» ረዝሞ ወደ «ጌይት» ያደላል። በፊደላችን አንድ ዓይነት ስለምንጽፋቸው ብዙ ሰው በድምፅም አንድ ያደርጋቸዋል። የግሱን አናባቢ ቆረጥ አድርጉት።

አሜሪካውያን ሲናገሩ ደግሞ የመጨረሻው ድምፅ ቀጥሎት አናባቢ ከመጣ ወደ እኛ «ር» ይጠጋል። «ጌት አፕ» «ጌራፕ» ይሆናል፤ «ጌት ኢት» «ጌሪት» ይሆናል። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ የምታውቁትን ቃል እየሰሙ ጆሮዎቻችሁ ያልፉታል። በመናገር እንድትኮርጁት አልመክርም፤ መስማቱን ግን ተለማመዱ።

ደረጃ 2፦ ቀጥሎ ያለውን ቃል አስምሩበት

አንድ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ወደ አማርኛ ለመመለስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ጌት»ን በአንዱ ቀለም፣ ቀጥሎ ያለውን በሌላው ቀለም አስምሩ። ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ የተከተለው ስም ነው? ቅጽል ነው? ቦታ ነው? የሌላ ግስ ሦስተኛ ቅርጽ ነው? ወይስ እንደ «አፕ»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ» ያለች ትንሽ ቃል ናት?

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ተማሪዎች ሁሉ ወደ «ማግኘት» ይመለሳሉ። ልማድ ስለሆነ ነው፤ ማስመሩ የሚያስፈልገውም ያንን ልማድ ለመስበር ነው። ከሳምንት በኋላ ዓይናችሁ ራሱ ወደ ተከታዩ ቃል መሄድ ይጀምራል።

ደረጃ 3፦ ስም ከተከተለ፣ ነገሩ ወደ ሰውዬው መጥቷል

መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ ሥራ፣ ጉንፋን፤ ምንም ይሁን ምን ስም ከተከተለ አንድ ነገር ወደ ባለቤቱ እጅ፣ አካል ወይም አእምሮ መጥቷል ማለት ነው። እንዴት እንደመጣ የሚነግራችሁ ስሙ ነው፦

• «አይ ጎት ኤ ሌተር»፦ ደብዳቤ ደረሰኝ።
• «ሂ ጎት ኤ ጆብ»፦ ሥራ አገኘ።
• «ሺ ጎት ኤ ኒው ፎን»፦ አዲስ ስልክ ገዛች፤ ወይም ተሰጣት።
• «አይ ጎት ኤ ኮልድ»፦ ጉንፋን ያዘኝ።
• «አይ ዶንት ጌት ዘ ጆክ»፦ ቀልዱ አልገባኝም።
• «አይ ዲድንት ጌት ዩር ኔም»፦ ስምህን በደንብ አልሰማሁትም።

ተመልከቱ፤ በአማርኛው ስድስቱም ውስጥ «አገኘ» የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው።

ሁለት ስሞች ሲከታተሉ ደግሞ የመጀመሪያው ተቀባዩ ነው። «ኩድ ዩ ጌት ሚ ኤ ግላስ ኦፍ ዋተር፣ ፕሊዝ?» ማለት «እባክህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ታመጣልኛለህ?» ነው። «ልኝ» የሚለውን ለመተካት ብለው «ጌት ቱ ሚ ዋተር» የሚሉ አሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ወይ «ጌት ሚ ዋተር» በሉ፣ ወይ «ጌት ዋተር ፎር ሚ» በሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በአማርኛ «ትናንት ጓደኛዬን አገኘሁት» እንላለን። ይህን «አይ ጎት ማይ ፍሬንድ የስተርዴይ» ብላችሁ አትመልሱት፤ ሰሚው አይረዳችሁም፤ ጓደኛችሁን እንደያዛችሁት ሊመስለውም ይችላል። ለሰው «ሜት» ወይም «ሶው» በሉ። ጠፍቶ የተገኘ ዕቃም «ጎት» አይደለም፤ «ፋውንድ» ነው። አማርኛ ለሦስቱም «ማግኘት» ስለሚል ከስህተቶች ሁሉ ይህ ነው ለመንቀል ያስቸገረኝ።

ደረጃ 4፦ ቅጽል ከተከተለ፣ ለውጥ ተፈጥሯል

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የዕለት ንግግር ግማሹ እዚህ ነው ያለው።

እንግሊዝኛ ያለንበትን ሁኔታና ወደዚያ ሁኔታ የገባንበትን ቅጽበት በሁለት ግስ ይለያል። ሁኔታው «ኢዝ» ወይም «አም» ነው፤ መግባቱ «ጌት» ነው። አማርኛም ይለያቸዋል፤ ግን በዚያው በአንዱ ግስ ውስጥ ቅርጹን በመለወጥ ነው። እነዚህን ጥንዶች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

• ጨልሟል፦ «ኢት ኢዝ ዳርክ»። ጨለመ፦ «ኢት ጎት ዳርክ»።
• ደክሞኛል፦ «አይ አም ታየርድ»። ደከመኝ፦ «አይ ጎት ታየርድ»።
• ተቆጥቷል፦ «ሂ ኢዝ አንግሪ»። ተቆጣ፦ «ሂ ጎት አንግሪ»።
• አግብታለች፦ «ሺ ኢዝ ሜሪድ»። አገባች፦ «ሺ ጎት ሜሪድ»።

መፈተኛው ቀላል ነው። በአማርኛ ስታስቡት «እየ» የሚገባበት ከሆነ፣ ማለትም እየጨለመ፣ እየቀዘቀዘ፣ እየባሰ የምትሉት ከሆነ፣ እንግሊዝኛው «ጌቲንግ» ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ኮልድ» ማለት እየቀዘቀዘ ነው፤ «ሺ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር» ማለት እየተሻላት ነው። ለውጡ ሳያቋርጥ እየጨመረ ሲሄድ የማወዳደሪያውን ቃል ይደግሙታል፦ «ኢትስ ጌቲንግ ሆተር ኤንድ ሆተር»፣ ሙቀቱ እየበረታ ሄዷል።

ማስጠንቀቂያ አንድ፦ «አም» እና «ጌት» እንዲሁ ጎን ለጎን አይቆሙም። «አይ አም ጌት ታየርድ» የሚባል ነገር የለም። ወይ «አይ አም ታየርድ»፣ ወይ «አይ ጌት ታየርድ»፣ ወይ ደግሞ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ»።

ማስጠንቀቂያ ሁለት፦ ሙያ ቅጽል ሳይሆን ስም ነው። «ሐኪም ሆነች» ለማለት «ሺ ጎት ኤ ዶክተር» ካላችሁ «ሐኪም ጠራች» ወይም «ሐኪም አገኘች» ብላችኋል፤ 3ኛውን ደረጃ አስታውሱ። «ሺ ቢኬም ኤ ዶክተር» በሉ።

ማስጠንቀቂያ ሦስት፦ ጥቂት ለውጦች በልማድ ሌላ ግስ ይወስዳሉ። ምግብ ሲበላሽ «ጎ ባድ»፣ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ «ጎ ብላይንድ»፣ ፊት ሲቀላ «ተርን ሬድ» ወይም «ጎ ሬድ» ይባላል። እነዚህን እንዳሉ ያዟቸው።

ደረጃ 5፦ ቦታ ከተከተለ፣ መድረስ ነው

«ጎ» መሄዱን ይናገራል፤ «ጌት» መድረሱን። «አይ ለፍት አት ሰቨን ኤንድ ጎት ዜር አት ኤይት» ማለት አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ ነው። መንገድ ለመጠየቅም ይህ ነው የሚያገለግለው፦ «ሀው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ስቴሽን?»፣ ወደ ጣቢያው እንዴት እደርሳለሁ?

ከቦታ ስም በፊት «ቱ» ይገባል። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ግን «ቱ»ን አይቀበሉም፤ አቅጣጫው በውስጣቸው አለ። «ጌት ቱ ሆም» አትበሉ፤ «ጌት ሆም» በሉ።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛው ቅርጽ ከተከተለ፣ «ተ»ን አስቡ

አማርኛ ግስን ተገብሮ ለማድረግ ከፊቱ «ተ» ይጨምራል፤ ሰረቀ፣ ተሰረቀ፤ ሰበረ፣ ተሰበረ። «ጌት» ከሦስተኛው ቅርጽ ጋር ሲቆም ሥራው ልክ እንደዚች «ተ» ነው።

• «ማይ ፎን ጎት ስቶልን»፦ ስልኬ ተሰረቀ።
• «ዘ ዊንዶው ጎት ብሮክን»፦ መስኮቱ ተሰበረ።
• «ሂ ጎት ፋየርድ»፦ ከሥራ ተባረረ።
• «ዊ ጎት ኢንቫይትድ»፦ ተጋበዝን።

«ዎዝ ስቶልን» ማለትም ይቻላል፤ ትርጉሙ ቅርብ ነው። «ጎት» ሲሆን ግን ድንገት የሆነ፣ በሰውዬው ላይ የደረሰ ነገር መሆኑ ጎልቶ ይሰማል። ለዚህ ነው በክፉ አጋጣሚ ወሬ ላይ አብዝታችሁ የምትሰሙት።

የእኛ «ተ» ሌላም ሥራ አላት፤ ሰው በራሱ ላይ ወይም ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉትን ትናገራለች፤ ታጠበ፣ ተላጨ፣ ተጋቡ። «ጌት»ም እንደዚያው ነው፤ «ጌት ዎሽድ» መታጠብ ነው፤ «ጌት ሜሪድ» መጋባት ነው። «ጌት ድረስድ» ግን በአማርኛ መልበስ ነው፤ እዚህ ላይ «ተ» የለችም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ድርጊት የሌላቸው፣ ስሜትና ዕውቀት የሚናገሩ ግሶች በዚህ አይሠሩም። «ይወደዳል» ለማለት «ሂ ጌትስ ላቭድ» አይባልም፤ «ሂ ኢዝ ላቭድ» ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ጌት» ክስተት ይፈልጋል፤ መወደድ ደግሞ ቅጽበት የለውም።

ደረጃ 7፦ ስም ከመካከል ከገባ፣ «አስ»ን አስቡ

አሁን ወደዚያች ወደ ፀጉሩ ዓረፍተ ነገር ተመለስን። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»። ከ«ጎት» ቀጥሎ ስም አለ፤ «ማይ ሄር»። ከስሙ ቀጥሎ ሦስተኛ ቅርጽ አለ፤ «ከት»። ይህ ቅንብር የእኛ «አስ» ነው፤ ሥራውን ሌላ ሰው ሠራው፣ እኔ አሠራሁት ማለት። ፀጉሬን አስቆረጥኩ። ብዙ ሰው «ተቆረጥኩ» ወይም «ተስተካከልኩ» ይለዋል፤ ነገሩ ያው ነው።

• «አይ ጎት ዘ ካር ሪፔርድ»፦ መኪናውን አስጠገንኩ።
• «ሺ ጎት ዘ ሌተር ትራንስሌትድ»፦ ደብዳቤውን አስተረጎመች።
• «ዊ ጎት ዘ ሀውስ ፔይንትድ»፦ ቤቱን አስቀባን።
• «ሂ ጎት ሂዝ አይዝ ቴስትድ»፦ ዓይኑን አስመረመረ።

ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ሲበራ ማየት እወዳለሁ። ሌሎች በብዙ ማብራሪያ የሚማሩትን እናንተ በልጅነታችሁ የያዛችሁት «አስ» በአንድ ጊዜ ይገልጥላችኋል። መስመሩን ይህን ብላችሁ ጻፉት፦ ጌት፣ ከዚያ ነገሩ፣ ከዚያ ሦስተኛው ቅርጽ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። «አይ ጎት ሪፔርድ ዘ ካር» ምንም ትርጉም አይሰጥም።

ይህ ቅንብር ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ያለእሱ ሞክሩት። «አይ ከት ማይ ሄር» ካላችሁ መቀስ ይዛችሁ ራሳችሁ ቆረጣችሁት ማለት ነው። «አይ ሪፔርድ ዘ ካር» ካላችሁ መካኒክ ናችሁ ማለት ነው፤ ሰሚው የራሱን መኪና ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ልብ የምትሉት ነገር አለ። «አይ ጎት ዘ ወርክ ደን» ሲባል ሠራተኛው ራሱ ተናጋሪው ሊሆን ይችላል፤ «ሥራውን ጨረስኩት» ማለት ነው። ቅርጹ አንድ ነው፤ የሚለየው ጉዳዩ ነው። ሰው በተለምዶ ለባለሙያ የሚሰጠው ሥራ ከሆነ «አስ» ነው፤ የራሱ ሥራ ከሆነ መጨረሱን ነው የሚናገረው።

ደረጃ 8፦ ሰው፣ ከዚያ «ቱ»፣ ከዚያ ግስ ከተከተለ፣ ማሳመን ነው

«አይ ጎት ሂም ቱ ከም» ማለት እንዲመጣ አደረግኩት ነው፤ ለምኜም፣ አባብዬም፣ አሳምኜም ሊሆን ይችላል። «አይ ሜድ ሂም ከም» ግን አስገድጄ አመጣሁት ነው፤ «ቱ»ም የለውም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ስለ አባታችሁ ስታወሩ የትኛውን እንደምትሉ አስቡበት።

በዕቃም ይሠራል። «አይ ካንት ጌት ዘ ካር ቱ ስታርት» ማለት መኪናው አልነሣም ብሎኛል ነው።

ሰው ከመካከል ከሌለና «ጌት» በቀጥታ «ቱ»ና ግስ ከተከተሉት ደግሞ ዕድል ማግኘትን ይናገራል፦ «አይ ጎት ቱ ሲ ዘ ሲ»፣ ባሕሩን ለማየት በቃሁ። «ጌት ቱ ኖው» መተዋወቅ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚሆነውን ነው የሚናገረው እንጂ የመጀመሪያውን የእጅ መጨባበጥ አይደለም።

ደረጃ 9፦ «ሀቭ ጎት»ን ለይታችሁ ያዙ

«አይቭ ጎት ቱ ብራዘርስ» ማለት ሁለት ወንድሞች አሉኝ ነው፤ ምንም የተገኘ ነገር የለም። «አይቭ ጎት ቱ ጎ» ማለት ደግሞ መሄድ አለብኝ ነው። ፈጣን ንግግር ላይ «ሀቭ» ጨርሶ ላይሰማ ይችላል፤ ስለዚህ «አይ ጎት ቱ ጎ» የሚል ከሰማችሁ ግዴታውን አስቡ። አሜሪካዊም ቢሆን በዚህ ትርጉም «ጎትን» አይልም፤ «አይቭ ጎትን» ካለ አንድ ነገር አግኝቷል ወይም አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ደረጃ 10፦ ትንንሾቹን ቃላት በጥንድ አጥኑ

«አፕ»፣ «ኦን»፣ «ኦቨር» እና መሰሎቻቸው «ጌት»ን ሲከተሉ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ግስ ይሆናሉ። በአንድ ቀን ሠላሳውን ለመሸምደድ አትሞክሩ፤ በሳምንት ከአምስት አይብለጥ። ከእነዚህ ጀምሩ፦

«ጌት አፕ» ከአልጋ መነሣት ነው። «ዌክ አፕ» መንቃት ነው። ነቅቶ አንድ ሰዓት የሚተኛ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ይናገራል።

«ጌት ኦን» እና «ጌት ኢን» ሁለቱም መሳፈር ናቸው። ውስጡ ቆሞ መሄድ ለሚቻልበት፣ ለአውቶቡስ፣ ለባቡር፣ ለአውሮፕላን፣ «ጌት ኦን» ይባላል፤ መውረዱ «ጌት ኦፍ» ነው። ጎንበስ ብለው ለሚገቡበት፣ ለቤት መኪናና ለታክሲ፣ «ጌት ኢን» ይባላል፤ መውረዱ «ጌት አውት ኦፍ» ነው። «ጌት ኦን ዘ ካር» ካላችሁ ጣሪያው ላይ ወጥታችኋል።

«ጌት ባክ» መመለስ ነው፤ «ጌት ኢት ባክ» ማስመለስ ነው። «ጌት ኦቨር» ከሕመም ወይም ከሐዘን መላቀቅ ነው። «ጌት አሎንግ ዊዝ» ከሰው ጋር መስማማት ነው። «ጌት ባይ» ባለው ተብቃቅቶ መኖር ነው። «ጌት ሪድ ኦፍ» ማስወገድ ነው።

«ጌት ዩዝድ ቱ» መልመድ ነው፤ ቀጥሎት ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «አይ ጎት ዩዝድ ቱ ጌቲንግ አፕ ኧርሊ» ማለት በማለዳ መነሣት ለመድኩ ነው። «አይ ዩዝድ ቱ ጌት አፕ ኧርሊ» ማለት ግን ድሮ በማለዳ እነሣ ነበር፣ አሁን ቀርቷል ነው። የአንዲት ቃል ልዩነት ነገሩን ይገለብጠዋል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ጻፏቸው።

ደረጃ 11፦ «ኢት» ሲከተል ሁኔታውን አንብቡ

«አይ ጌት ኢት» ማለት ገባኝ ነው። አማርኛው በኃላፊ ጊዜ ይቆማል፤ እንግሊዝኛው ግን በአሁን ነው። ስለዚህ «ገባኝ»ን ቃል በቃል ስትመልሱ ጊዜው ያምታታችኋል። «ጎት ኢት» ብሎ መመለስም ይቻላል፤ ይህ ትእዛዝ ወይም መረጃ ለተቀበለ ሰው ይስማማል፤ ተቀብያለሁ፣ ይዣለሁ እንደማለት ነው።

«አይል ጌት ኢት» ስልክ ሲጮኽ «እኔ አነሣዋለሁ» ነው፤ በር ሲንኳኳ «እኔ እከፍታለሁ» ነው።

ደረጃ 12፦ መጻፊያውን ከመናገሪያው ለዩ

«ጌት» የመነጋገሪያ ቃል ነው። ለወዳጅ በምትጽፉት መልእክት ውስጥ ያምርበታል። በሥራ ማመልከቻ፣ በጥናት ጽሑፍና በደብዳቤ ላይ ግን ሲበዛ ጽሑፉን ያላላዋል። በእነዚያ ቦታዎች ለመቀበል «ሪሲቭ»፣ ለማግኘት «ኦብቴን»፣ ለመሆን «ቢከም»፣ ለመድረስ «አራይቭ»፣ ለመረዳት «አንደርስታንድ» በሉ። ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ «ጌት» እና «ጎት» ያሉበትን ሁሉ ፈልጉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ትክክለኛውን ግስ ስትተኩ ትርጉሙን በእርግጥ ማወቃችሁም አብሮ ይፈተናል።

ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

• «ሺ ጎት ሜሪድ ዊዝ ሂም»። «ከእሱ ጋር» የሚለው አማርኛችን ነው «ዊዝ»ን የሚጎትተው። ትክክሉ «ሺ ጎት ሜሪድ ቱ ሂም» ነው።
• «ዲድ ዩ ጎት ማይ ሜሴጅ?»። «ዲድ» ኃላፊውን ጊዜ ስለያዘ ግሱ ወደ «ጌት» ይመለሳል።
• «አይ ጎት ሀንግሪ» ብሎ አሁን መራብን መናገር። አሁን ከራባችሁ «አይ አም ሀንግሪ» ነው፤ «ጎት» የምትሉት ትናንት በመንገድ ላይ እንዴት እንደራባችሁ ስትተርኩ ነው።
• «ጌት» ባለበት ሁሉ «ማግኘት»ን መሞከር፤ ካልሆነ ተስፋ መቁረጥ። ወደ 2ኛው ደረጃ ተመለሱና አስምሩ።

መለማመጃ

መልሱን ሳታዩ እነዚህን ወደ አማርኛ መልሱ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የትኛው ደረጃ እንደሆነ ጻፉ። ቁጥሩን መጻፍ ያስፈልጋል፤ በግምት ልክ የመለሰ ሰው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ይስታልና።

ሀ. «ዘ ቲ ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ»
ለ. «ሂ ጎት ሂዝ ሹዝ ሪፔርድ»
ሐ. «ዌን ዲድ ዩ ጌት ሂር?»
መ. «ሺ ጎት ኸር ሰን ቱ ኢት»
ሠ. «ዘ ሌተር ጎት ሎስት»
ረ. «አይ ጎት ዩዝድ ቱ ዘ ኖይዝ»
ሰ. «አይ ዲድንት ጌት ዘ ላስት ወርድ»

መልስ

ሀ. ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው (4)። ለ. ጫማውን አስጠገነ (7)። ሐ. እዚህ መቼ ደረስክ? (5)። መ. ልጇን አባብላ እንዲበላ አደረገችው (8)። ሠ. ደብዳቤው ጠፋ (6)፤ የጠፋው ሰው ቢሆን ኖሮ «መንገድ ጠፋበት» እንል ነበር። ረ. ጩኸቱን ለመድኩት (10)። ሰ. የመጨረሻውን ቃል አልሰማሁትም፤ ወይም አልገባኝም (3)። ለዚህኛው ሁለቱም ልክ ነው። ይህን የምትሉት እናንተ ከሆናችሁና አነጋጋሪያችሁ ቃሉን ጮክ ብሎ ከደገመላችሁ አልሰማችሁም ብሎ ተረድቷል ማለት ነው፤ የፈለጋችሁት ትርጉሙን ከሆነ «ዋት ዳዝ ኢት ሚን?» ብላችሁ ጨምሩበት።